ከፎርማት በፊት አንድ ሌሊት፦ ያረጀ ዴስክቶፕ ራም ምርመራና ጥገና

የሰፈራችን ዕድር መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ከዞረ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ኮምፒዩተሩ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ሲያድስ በጨረታ ካስወጣቸው ዴስክቶፖች አንዱ ነው፤ ባለ 2 ጊጋባይት ሁለት ፍሬ ዲዲአር 3 ራም የተሰካበት፣ ሲገዛም ዕድሜ የጠገበ። ባለፈው ክረምት በራሱ ጊዜ እየጠፋ መነሳት ጀመረ። የዕድሩ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጥገና ቤት ወሰዱት። «ቫይረስ ነው» ተባሉና ፎርማት ተደረገ። ሁለት ሳምንት ሠርቶ ያው ሆነ። እንደገና ፎርማት። ሦስተኛም ጊዜ እንዲሁ። በየጊዜው መዝገቡ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል፣ ከፍላሽ ተመልሶ ይገባል። ወደ እኔ ሲመጡ ግን ያስጨነቃቸው የኮምፒዩተሩ መጥፋት አልነበረም። «ልጄ፣ እኔ ይህን አልጻፍኩም» አሉኝ። ጣታቸው አንድ ስም ላይ ነበር፤ «ከበደ» የነበረው «ከቡደ» ሆኗል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ከፈለ» መባል የነበረበት «ከፈሉ» ይላል።

ጥፋቱ የራሙ ነበር። የአሮጌ ዴስክቶፕ ራም ለምን ይታመማል፣ ሕመሙ ለምን በሌላ ይሳበባል፣ እንዴት ይለያል፣ ምን ያህልስ ይጠገናል የሚለውን ጥያቄ በሙሉ እንድመለከት ያነሳሳኝም ያ መዝገብ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ሳይመረምሩ ፎርማት ማድረግ ጊዜ ማባከን ብቻ ሳይሆን፣ ራሙ የተበላሸ ከሆነ፣ ራሱ ጉዳት ያመጣል። ከፎርማት በፊት «ዳታው ይቀመጥ» ተብሎ የሚገለበጠው ፋይል ሁሉ የሚያልፈው በዚያው በታመመው ራም ውስጥ ነውና። የዕድሩ መዝገብ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ሲገባ ስድስት ጊዜ በዚያ ቀዳዳ አልፏል።

ዛሬ የምንጠቀምበትን ዓይነት ራም በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያሰበው የአይቢኤም መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ ነው፤ የፈጠራ መብቱን በ1968 አገኘ። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው፦ ለአንድ ቢት አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር። ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ መያዙ ወይም ባዶ መሆኑ 1ን ከ0 ይለያል። ኢንቴል በ1970 ያወጣው 1103 የተባለ ቺፕ 1,024 ቢት ብቻ ይይዝ ነበር። የዕድሩ አንድ ፍሬ ራም ከ17 ቢሊዮን በላይ ቢት ይይዛል።

ቅለቱ ግን ዕዳ አለበት፤ ካፓሲተሩ የሚያፈስ እንስራ ነው። ዝም ከተባለ ይጎድላል፣ ቢቱም ይገለበጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ እንስራ በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ አንድ ጊዜ ይጎበኛል፤ ምን እንደያዘ ይነበባል፣ ተመልሶም ይሞላል። ቺፑ ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ማፍሰሱ ስለሚፈጥን ጉብኝቱ በየ32 ሚሊሰከንዱ ይሆናል። ከነዚያ ቢሊዮኖች መካከል ጥቂቶቹ ከመጀመሪያውም ደካሞች ናቸው፤ የፋብሪካውን ፈተና ለጥቂት ያለፉ። ዕድሜ ሲጫናቸው እስከሚቀጥለው ጉብኝት መያዝ ያቅታቸዋል። ጠዋት ሳጥኑ ቀዝቃዛ ሳለ ይሠራሉ፣ ከሰዓት በኋላ በአቧራ የታፈነው አየር ሲሞቅ ይከዳሉ። «ጥገና ቤት ስወስደው ደህና ነው፣ ቤት ስመልሰው ይታመማል» የሚለው የተለመደ እሮሮ አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ተመራማሪዎች የሰጡት መልስ ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ተቀያይሯል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢንቴሎቹ ቲሞቲ ሜይና መሬይ ዉድስ የቺፑ ማሸጊያ ውስጥ ያለ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ቅንጣት የሚረጨው የአልፋ ጨረር ቢት እንደሚገለብጥ አሳዩ። ቀጥሎ ጥርጣሬው ወደ ሰማይ ዞረ። የአይቢኤም ሰዎች ቺፖችን ኮሎራዶ ውስጥ 3,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወዳለችው ሌድቪል ወስደው ሲፈትኑ፣ ከጠፈር በሚመጣው ጨረር ምክንያት ስህተቱ ከፍታ በጨመረ ቁጥር እንደሚበዛ አረጋገጡ። ከ2,300 ሜትር በላይ ለምንኖር ለአዲስ አበባ ሰዎች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከፍታችን ጨረሩን ያበዛዋል፤ ለምድር ወገብ መቅረባችን ደግሞ፣ የምድር መግነጢስ ጋሻ በዚህ አካባቢ ስለሚጠነክር፣ መልሶ ይቀንስልናል።

የጨረር ነገር ለወሬ ስለሚያምር ሰዉ ይወደዋል። ቤልጅየም ውስጥ ስካርቤክ በተባለ የብራሰልስ ክፍል በ2003 በተደረገ ምርጫ አንዲት ተወዳዳሪ 4,096 ትርፍ ድምፅ ተቆጥሮላቸው ነበር። ስህተቱ የታወቀው ድምፃቸው ሊገኝ ከሚችለው በላይ ስለሆነ ነው። 4,096 ማለት ሁለት ለራሱ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ከአሥራ ሦስተኛው ቢት በቀር ምንም እንዳልተነካ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። መርማሪዎች ሌላ ምክንያት ስላጡ ግምቱ ወደ ጠፈር ጨረር አደላ።

በ2009 የወጣው የቢያንካ ሽሮደርና የሁለት የጉግል ባልደረቦቿ ጥናት ግን ለጠጋኝ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። በሺዎች የሚቆጠሩ የጉግል ሰርቨሮችን ሁለት ዓመት ተኩል ተከታትለው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆነው የራም ፍሬ ቢያንስ አንድ ስህተት እንደሚያሳይ አገኙ። ይህ ቀድሞ ከሚታሰበው እጅግ የበዛ ነው። ከብዛቱ በላይ የሚጠቅመን ዓይነቱ ነው፦ አብዛኛው ስህተት ከጨረር የመጣ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሳይሆን፣ ከራሱ ከዕቃው ብልሽት የመጣና በዚያው ፍሬ ላይ የሚደጋገም ይመስላል። ዕድሜም ይቆጠራል፤ ከ10 እስከ 18 ወር ከሠሩ በኋላ ስህተቱ እየበረከተ ይሄዳል። በ2011 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች አንድ ሚሊዮን ያህል ተራ የግል ኮምፒዩተሮችን አይተው ወደዚያው ደረሱ፦ በሃርድዌር ችግር አንድ ጊዜ የወደቀ ኮምፒዩተር ደግሞ የመውደቅ ዕድሉ እስከ መቶ እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከሆነ ጨረር ይባል፤ ሁለተኛ ከሆነ ሳጥኑ ይከፈት።

ሕመሙ በሌላ የሚሳበበው ራም የራሱ ፊት ስለሌለው ነው። የሃርድ ዲስክ ብልሽት ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ያው ፋይል፣ ያው ፎልደር። ራም ግን በውስጡ ያለፈውን ሁሉ መስሎ ይታመማል። ዛሬ ብሮውዘሩ ይዘጋል፣ ነገ ብሉ ስክሪን ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል፤ የሚጻፍበት የስህተት ኮድ ግን በየጊዜው ሌላ ነው። ይህ የኮድ መለዋወጥ ከማውቃቸው ምልክቶች ሁሉ ጠንካራው ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ግማሽ መንገድ ላይ «ፋይሉን መገልበጥ አልተቻለም» ይልና ሲዲው ወይም ፍላሹ ይወቀሳል። የወረደ የታመቀ ፋይል ተበላሽቷል ይላል፤ በሌላ ኮምፒዩተር ሲሞከር ደህና ነው። ጨርሶ ካልተነሳ፣ ስክሪኑ ጠቁሮ ማዘርቦርዱ በድምፅ ይጮኻል፤ የአዋርድ ባዮስ ያላቸው የቆዩ ማዘርቦርዶች ራም ሲያጡ ረዥም ድምፅ ይደጋግማሉ፣ የኤኤምአይዎቹ አንድ ረዥምና ሦስት አጭር ያሰማሉ።

የራም ሕመም የሚመስሉ ጤነኛ ነገሮችም አሉ። 4 ጊጋባይት ተሰክቶ 3.2 ብቻ ከታየ ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ሊሆን ይችላል። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ከጎደለ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የስክሪን ክፍል ተበድሮት ነው። ሰዓቱና ቀኑ በየማለዳው ወደ ኋላ ከተመለሰ ባለ 3 ቮልቷ ክብ ባትሪ አልቃለች።

ወደ «ከቡደ» ልመለስ፤ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ትልቁ ነገር እዚህ አለና። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ተሰጠው፦ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ፣ ሏ። ስምንት ቦታ ማለት ሦስት ቢት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ፊደል የመጨረሻ ሦስት ቢት ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የሚለውን ቅደም ተከተል ይይዛል። የመጨረሻዋ ቢት ከ0 ወደ 1 ከተገለበጠች ግእዙ ካዕብ፣ ሣልሱ ራብዕ፣ ኃምሱ ሳድስ ይሆናል። «በ» «ቡ»፣ «ለ» «ሉ»። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ቢት ሲገለበጥ ብዙውን ጊዜ ዓይን የሚወጋ ባዕድ ፊደል ይወጣል። በእኛ ግን ቃሉ ቃል ሆኖ ሊቀር፣ ትርጉሙ ብቻ ሊዞር ይችላል። «ከፈለ» «ከፈሉ» ሲሆን አንባቢም ሆነ የፊደል ማረሚያ ምን ብሎ ያርማል? በቁጥርም ያው ነው፤ በጽሑፍ ፋይል ውስጥ በዚያችው ቢት 0 ወደ 1፣ 2 ወደ 3፣ 4 ወደ 5 ይዞራል። 200 ብር 300 ብር ሊሆን ይችላል። የዕድሩ መዝገብ የታመቀ ፋይል ቢሆን ኖሮ አንድ ቢት ሲበላሽ ቶሎ ስህተቱን ያሳይ ነበር። ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ግን ሁሉንም ዝም ብሎ ተቀበለ።

ሁለቱ ስህተቶች ሁለቱም ግእዝን ወደ ካዕብ የቀየሩ መሆናቸው ለእኔ ፍንጭ ነበር፤ ያው ቢት፣ ያው አቅጣጫ። ትየባ እንዲህ አይመርጥም።

ፍንጭ ግን ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ፈተና ነው፤ ለዚህም ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ነጻ መሣሪያ አለ። ሜምቴስት 86ን ክሪስ ብሬዲ በ1994 ጻፈው። በ2004 ከእርሱ የተወለደው ሜምቴስት 86 ፕላስ ዛሬም ነጻ ነው፤ በ2022 የወጣው ስድስተኛው ትውልዱ አሮጌውንም አዲሱንም ማዘርቦርድ ያውቃል። ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ኮምፒዩተሩም ከዊንዶውስ በፊት ከፍላሹ ይነሳል። ከዊንዶውስ በፊት የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ዊንዶውስ ራሱ ራም ውስጥ ስለሚቀመጥ የተቀመጠበትን ቦታ አንስቶ ሊፈትን አይችልም። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ አድራሻ ላይ 0 ብቻ፣ 1 ብቻ፣ ተፈራራቂ፣ የተዘበራረቀ ይጽፋል፤ መልሶ ያነባል፣ ያነጻጽራል። አንደኛው ፈተና ራሙን ሞልቶ ደቂቃዎች ይጠብቅና ያነባል፤ የሚያፈሰውን እንስራ የሚይዘው እርሱ ነው።

ስንት ጊዜ ይሂድ? አንድ ዙር አይበቃም። ማታ ተከፍቶ እስከ ጠዋት ይደር፤ ደካማው ቢት ብዙ ጊዜ የሚታየው ሳጥኑ ሞቆ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው። አንዲት ቀይ መስመር ከታየች ደግሞ በቃ፣ «አንድ ስህተት ምንም አይደለም» የሚባል ነገር የለም። በተቃራኒው ሌሊቱን ሙሉ ምንም አለመታየቱ ምስክር እንጂ ፍርድ አይደለም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የራም መመርመሪያም አለ፤ ለፈጣን ፍተሻ ይበቃል፣ ለመጨረሻ ቃል ግን አልተማመንበትም።

ቀይ መስመር ሲታይ ወዲያው ራም መግዛት ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ነው። ፈተናው የሚነግረን ራሙ ሲነበብ ስህተት መገኘቱን እንጂ ጥፋተኛው ራሙ መሆኑን አይደለም። በመካከል ስሎቱ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ፓወር ሰፕላዩ አሉ። ሥራው ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል፦ አንድ ፍሬ ብቻ በአንድ ስሎት ይሰካ፣ ይፈተን። ፍሬው ሳይነካ ስሎቱ ይቀየር። ቀጥሎ ሌላው ፍሬ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። ስህተቱ ፍሬውን ተከትሎ ከዞረ ፍሬው ነው። ፍሬው ቢቀየርም ስሎቱ ላይ ከቀረ ስሎቱ ወይም ከጀርባው ያለው ነው። ሁለቱም ለብቻቸው ደህና ሆነው አብረው ሲሰኩ ብቻ ከተሳሳቱ አለመስማማት ነው፤ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ፍጥነታቸውን ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ስሎቱ ከተከሰሰ የኮምፒዩተሩን ትውልድ ማወቅ ያስፈልጋል። ራሙን የሚያዘው ክፍል ድሮ ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ኤኤምዲ በ2003፣ ኢንቴል በ2008 ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ አንድ ስሎት «ሞተ» ሲባል የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ውስጥ የጎበጠ አንድ እግር ወይም ከመጠን በላይ የጠበቀ ማቀዝቀዣ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ማዘርቦርድ ሲጣል አይቻለሁ፤ እግሩን በመርፌ ጫፍ ማቃናት ይበቃ ነበር።

ስህተቱ አድራሻ ሳይመርጥ ከተበታተነ፣ ፍሬና ስሎት ሲቀያየርም ካልጠፋ፣ ወደ መብራት ዞር ማለት ነው። የፓወር ሰፕላይ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልቶች ከ5 በመቶ በላይ መዛነፍ የለባቸውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ጣሳ መሳይ ካፓሲተሮች አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጡ ራሙ ንጹሕ ነው፣ የሚመገበው ኤሌክትሪክ ነው የቆሸሸው። በተለይ ከ1999 እስከ 2007 ግድም የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች በመጥፎ ካፓሲተር የታወቁ ናቸው። እነዚህን ነቅሎ መተካት ብየዳ ለሚችል ሰው ቀላል ሥራ ነው፣ ኮምፒዩተሩንም ዓመታት ያኖረዋል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታብላይዘር የራምም መድኃኒት ነው።

ስለ ላጲስ ሳልናገር አላልፍም። በየጥገና ቤቱ የመጀመሪያው እርምጃ ራሙን ነቅሎ የወርቅ ጥርሱን በላጲስ ማሸት ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። የሚሠራው ግን መነቀልና መሰካቱ ራሱ የዛገውን ንክኪ ስለሚፍቅ ይመስለኛል። ወርቁ ከአንድ ሺህኛ ሚሊሜትር ያነሰ ስስ ቅብ ነው፤ ላጲስ አሸዋ አለበት፣ በታሸ ቁጥር ይገፈዋል፣ ፍርፋሪውም ስሎቱ ውስጥ ይቀራል። ንጹሕ አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ማበስ የተሻለ ነው። ስሎቱን በአፍ መንፋትም ይቅር፣ ትንፋሽ እርጥብ ነው። ከሁሉ በፊት መብራቱ ይነቀልና እጅ የሳጥኑን ብረት ይንካ። በበጋው ደረቅ አየር የሰው አካል የሚያጠራቅመውን ኤሌክትሪክ እኛ የምንሰማው 3,000 ቮልት ግድም ሲደርስ ነው፤ ቺፑ ግን ከዚያ በብዙ በሚያንሰው ይጎዳል።

የተበላሸ ፍሬ ራሱ ይጠገናል? በመርህ ደረጃ አዎ። የተለመደው ፍሬ 64 ቢት ስፋት አለው፣ በአንድ ጎኑ ስምንት ቺፕ ቢኖር እያንዳንዱ ስምንት ቢት ይይዛል። ሜምቴስት የተሳሳተውን ቢት ስለሚያሳይ ጥፋተኛው ስንተኛው ቺፕ እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ቺፑን በሙቅ አየር አንስቶ መተካት ግን ከሌላ ፍሬ ዋጋ በላይ ድካም ነው። ሌላው መንገድ አጥር ማጠር ነው፦ ሪክ ቫን ራይን በ2000 ግድም ለሊኑክስ ያዘጋጀው ባድራም የተባለ ዘዴ የተበላሹትን አድራሻዎች ዘግቶ በቀረው ይሠራል፤ ዛሬ ሊኑክስም ዊንዶውስም ተመሳሳይ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ለተማሪዎች መለማመጃ ኮምፒዩተር እደግፈዋለሁ። ለመዝገብ፣ ለሒሳብ፣ ለሐኪም ቤት ካርድ ግን አይሆንም፤ አንድ ቢቱ የከዳ ፍሬ ጎረቤቱም ሊከዳ ቀርቧል።

መተካቱ ከተመረጠ ትውልዱ ይታይ። ዲዲአር 2 በ1.8 ቮልት፣ ዲዲአር 3 በ1.5፣ ዲዲአር 4 በ1.2 ይሠራሉ። የፍሬው ጥርስ መካከል ያለችው ቀዳዳ ቦታዋ የሚለያየው እንዳይሳሳቱ ነው፤ አልገባ ካለ በኃይል አይገፋም። ለአሮጌ ኮምፒዩተር ገበያ ላይ የሚገኘው ራም ራሱም ከሌላ አሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ ነው። ስለዚህ «ተተኪው» እንደ ተጠርጣሪው አንድ ሌሊት ይፈተን።

ይህ ሁሉ ድካም ባልኖረ ነበር ብዬ የማዝንበት አንድ ታሪክ አለ። ሪቻርድ ሃሚንግ በ1947 በቤል ላብ ቅዳሜና እሑድ የሚተወው ስሌት በማሽኑ ስህተት እየተቋረጠ ሰኞ ባዶ እጁን ቢያገኘው፣ ማሽኑ ስህተቱን ካወቀ ለምን አያርመውም ብሎ ተነሳ። በ1950 ያሳተመው ዘዴ ዛሬ በሰርቨሮች ራም ውስጥ ይሠራል። የ1981 የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተርም ቢያንስ ስህተትን የሚያውቅ ዘጠነኛ ቢት ነበረው። በ1990ዎቹ ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ያ ቢት ከተራ ዴስክቶፖች ወጣ። የባንክ ሰርቨር ጠባቂ አለው፣ የዕድር ዴስክቶፕ የለውም።

የዕድሩን ኮምፒዩተር ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከፍቼ ተኛሁ። ጠዋት ስክሪኑ ላይ አሥራ አንድ ቀይ መስመር ነበር፣ አድራሻቸው የተቀራረበ፣ ሁሉም በአንድ ቢት 0 ተጽፎ 1 የተነበበ። ፍሬዎቹን ስለይ ጥፋተኛው ሁለተኛው ሆነ፤ ስሎት ስቀይር ተከተለ። አወጣሁት። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ በሌላ ጤነኛ ኮምፒዩተር ላይ መዝገቡን ገለበጥኩ።

የቀረው ሥራ የመሣሪያ አልነበረም። ሦስት ምሽት ጸሐፊው ከድሮው የወረቀት መዝገብ ስም እየጠሩ፣ እኔ ከኮምፒዩተሩ እየተከተልኩ አነበብን። ግእዝ ካዕብ የሆነበትን፣ ሣልስ ራብዕ የሆነበትን አውቄ ስለምፈልግ አብዛኛው ቶሎ ተገኘ። በሦስተኛው ምሽት ግን «ተፈራ» ላይ ቆምን። በወረቀቱ ሦስት ተፈራ አሉ፣ በኮምፒዩተሩ አራት። ጸሐፊው መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡና ገጹን ወደ ኋላ ገለጡ። አራተኛው ተፈሪ ነበር።